የደም ምርመራው «አልተገኘም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ሳርኮማ የያዘው አንድ ወዳጄ፣ ውጭ አገር ያሉት ልጆቹ የነገሩትን የደም ምርመራ ይዞ መጣ። «ደሜ ንጹሕ ከሆነ ተገላገልኩ ማለት አይደለም?» አለኝ። የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም ባልሆንም ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

ከዕጢ ተላቀው በደም የሚዘዋወሩ ሕዋሳትን አውስትራሊያዊው ሐኪም ቶማስ አሽዎርዝ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደግሞ «ሴልሰርች» የተባለውን መቁጠሪያ ለተሰራጨ የጡት ካንሰር በ2004 ፈቀደ፤ የትልቁ አንጀትና የፕሮስቴት ካንሰር ኋላ ተጨመሩ። በ7.5 ሚሊ ሊትር ደም 5 ወይም ከዚያ በላይ ሕዋሳት የተገኙባት የጡት ካንሰር ሕመምተኛ በሽታዋ የመክፋት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ቢሊዮኖች ቀይ የደም ሕዋሳት መካከል አምስቱን መልቀም ቀላል ሥራ አይደለም!

ችግሩ አለቃቀሙ ላይ ነው። መሣሪያው በመግነጢስ የሚስበው ኤፕካም የተባለውን ፕሮቲን የለበሱ ሕዋሳትን ብቻ ነው። ከአጥንት፣ ከጡንቻና ከስብ የሚነሳው ሳርኮማ ግን ይህ ፕሮቲን በአብዛኛው የለውም። ተፈላጊውን በኮፍያው ብቻ የሚያውቅ ዘበኛ ባዶ ራሱን የመጣውን ሰላም ብሎ ያሳልፈዋል። በእኛ ሙያም ማስረጃ አለመቅረቡና ድርጊቱ አለመፈጸሙ ለየቅል ናቸው።

ተመራማሪዎች ሕዋሳቱን በመጠናቸው የሚያጠልል ወንፊትና ሌሎች ምልክቶችን እየሞከሩ ነው። ሳርኮማ ከአዋቂዎች ካንሰር 1 በመቶ ያህል በመሆኑ ግን ለማረጋገጫ የሚበቃ ሕመምተኛ ማሰባሰብ ያስቸግራል።

ወዳጄን «ውጤቱ ዜሮ ቢልህም የሲቲ ስካን ቀጠሮህን እንዳትሰርዝ» አልኩት።