በጠባብ ባንድ ማጣሪያ ጋላክሲዎችን ፎቶ ማንሳት

በጠባብ ባንድ ማጣሪያ ጋላክሲዎችን ፎቶ ማንሳት ማለት በቴሌስኮፕ ላይ ከተገጠመ ካሜራ ፊት ጥቂት ናኖሜትር ስፋት ያለው ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ (ፊልተር) በማድረግ፣ በሩቅ ጋላክሲዎች ወይም ረጨቶች ውስጥ የሚያበራውን ጋዝ የመቅረጽ ዘዴ ነው። ዘዴው በምርምር ጣቢያዎች ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በጓሮ በሚተከል አነስተኛ ቴሌስኮፕም ይሠራበታል። ይህ መጣጥፍ አሠራሩን በአርባ ምንጭ ከተማና በጋሞ ዞን ካለው ሰማይ ጋር አያይዞ ያቀርባል።

ማጣሪያው የሚያሳልፈውና የማያሳልፈው

ኮከብ በሁሉም ቀለም ያበራል። በወጣት ኮከቦች ዙሪያ የጋለ ጋዝ ግን በዋናነት የሚያበራው በተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶች ነው። ለፎቶ የሚፈለጉት ሦስት ናቸው፦ ሃይድሮጂን-አልፋ (656.3 ናኖሜትር፣ ቀይ)፣ ኦክስጅን-ሦስት (500.7 ናኖሜትር፣ ሰማያዊ አረንጓዴ) እና ሰልፈር-ሁለት (671.6 እና 673.1 ናኖሜትር፣ ጥልቅ ቀይ)።

ማጣሪያው ሰማዩን ስለሚያጠቁር ደብዛዛ ጋላክሲን ከከተማ መካከልም ያወጣል የሚለው እምነት በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ እውነትነቱ ግን ግማሽ ብቻ ነው። ተራ ቀይ ማጣሪያ 100 ናኖሜትር ያህል ስፋት አለው እንበል። በ3 ናኖሜትር ማጣሪያ ብንተካው የሰማዩ ብርሃን ወደ 33ኛ እጅ ይወርዳል። ይሁንና አብዛኛው የጋላክሲ ብርሃን ከኮከቦች የሚመጣ ስለሆነ እርሱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ሁለቱም እኩል ስለቀነሱ ጋላክሲው ከሰማዩ ይበልጥ ጎልቶ አይታይም። ሳይቀነስ የሚያልፈው የጋዙ ብርሃን ነው። ስለዚህ ማጣሪያው ኮከብ የሚወለድባቸውን ደመናዎች ያጎላል እንጂ የጋላክሲውን ደብዛዛ ክንዶችና ዳርቻ አያሳይም። ለእነዚህ መፍትሔው ጨለማ ሰማይ ብቻ ነው። የመንገድ መብራት ወደ ነጭ ኤልኢዲ በተቀየረበት ከተማ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ የድሮው ቢጫ የሶዲየም መብራት ብርሃኑ በጥቂት ቀለሞች የተሰበሰበ ሲሆን ነጩ ግን በሰፊው ይሰራጫል።

የጋላክሲው ፍጥነት

ከእኛ የሚርቅ ጋላክሲ ብርሃኑ ወደ ቀይ ይሸሻል። የሽሽቱ መጠን 656.3ን በጋላክሲው ፍጥነት አባዝቶ ለብርሃን ፍጥነት (በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) በማካፈል ይገኛል። በሰከንድ 1,024 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ሶምብሬሮ ጋላክሲ የሃይድሮጂን መስመሩ በ2.2 ናኖሜትር ይሸሻል። ባለ 3 ናኖሜትር ማጣሪያ ከመሐሉ ወደ አንድ ጎን 1.5 ናኖሜትር ብቻ ስለሚደርስ ይህ መስመር ሙሉ በሙሉ ያመልጠዋል። ባለ 7 ናኖሜትሩ ግን በሰከንድ እስከ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃል። ለጋላክሲ ሲሆን በጣም ጠባቡና ውዱ ማጣሪያ ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም።

ከአርባ ምንጭ ሲታይ

አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ይታያል። 2.7 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው ኤም 33 ከአድማስ 65 ዲግሪ፣ የደቡቡ ኤንጂሲ 253 ደግሞ 59 ዲግሪ ከፍ ይላሉ። ከአውሮፓ ፈጽሞ የማይታየው ትልቁ የማጄላን ደመና በጥር ምሽቶች ከደቡብ አድማስ 15 ዲግሪ ያህል ይወጣል፤ በውስጡ ያለው ታራንቱላ ኔቡላ በሃይድሮጂንም በኦክስጅንም ደማቅ ነው። ለጀማሪ የሚመረጠው ግን ኤም 33 ነው። በውስጡ ያለው ኤንጂሲ 604 የተባለው የጋዝ ደመና 1,500 የብርሃን ዓመት ያህል ስፋት አለው፤ በኅዳር መጨረሻም ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከፍተኛ ቦታው ላይ ይደርሳል። አካባቢው በሚያዝያና ግንቦት፣ ቀጥሎም በመስከረምና ጥቅምት ዝናብ ስለሚያገኝ የሥራው ወቅት ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው።

ያው 6 ዲግሪ ራስ ምታትም ያመጣል። ምድር በ5 ደቂቃ ውስጥ 1.25 ዲግሪ ስለምትዞር ቴሌስኮፑ ሰማዩን እየተከተለ በሞተር መዞር አለበት፤ የሚዞርበት ዘንግም ወደ ሰሜን ኮከብ አቅራቢያ መነጣጠር ይኖርበታል። ከአርባ ምንጭ ይህ ኮከብ ከአድማስ 6 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል ዛፍ ወይም የጎረቤት ቤት ይሸፍነዋል። ብዙ ማቆሚያዎች ደግሞ ለሰሜን አገሮች ስለተሠሩ ዘንጋቸው ይህን ያህል አይጋደምም፣ ወይም የሚዛን ክብደቱ ከእግራቸው ጋር ይጋጫል። መፍትሔው በምሥራቅና በደቡብ ያሉ ኮከቦች በካሜራው ላይ ወዴት እንደሚንሸራተቱ እያዩ ዘንጉን ቀስ በቀስ ማስተካከል ነው። አድካሚ ቢሆንም ይሠራል።

ከሲቀላና ከሴቻ መብራቶች በስተምሥራቅ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክና የአባያና የጫሞ ሐይቆች ስላሉ በዚያ በኩል የመብራት ጥግግት የለም። የቆላው ሙቀት ግን የካሜራውን ጫጫታ ይጨምራል፤ በሴንሰሩ የሚፈጠረው የሐሰት ምልክት በየ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እጥፍ ይሆናል። 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በ1,400 ሜትር ያህል ስለምትበልጥ ሌሊቷ በ9 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ሰማይዋም ይጠራል፣ ጉሙ ካልመጣ። ወደ ጨንቻ መውጣት ለጋላክሲ ክንዶች ከማንኛውም ማጣሪያ ይበልጣል። ቆላ የሚቀር ሰው ደግሞ ከወባ ትንኝ መከላከያ ሳይዝ ሌሊቱን ውጭ ባያድር ይመረጣል።

የከተማ ብርሃን ለኢትዮጵያ ሥነ ፈለክ እንግዳ ጉዳይ አይደለም። ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢሆንም ከአዲስ አበባ ጥግ ነው፤ ለትልቅ ቴሌስኮፕ የሚሆን ቦታ የተጠናውም ርቀው በሚገኙት የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ላይ ነው።

ማንሳትና ማቀናበር

በአንድ ረጅም ፎቶ ፋንታ ብዙ የ5 ደቂቃ ፎቶዎች ተነሥተው በኮምፒውተር ይደራረባሉ። የጥራቱ ዕድገት የፎቶዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ነው፤ 36 ፎቶ ወይም 3 ሰዓት 6 እጥፍ ያሻሽላል፣ 12 እጥፍ ለማግኘት ግን 12 ሰዓት ያስፈልጋል። በተራ ባለ ቀለም ካሜራ ከአራት ፒክስሎች ቀይ የሚያነበው አንዱ ብቻ ስለሆነ ባለ ጥቁርና ነጭ ካሜራ ይመረጣል። ጨረቃ ስትወጣ ሃይድሮጂን-አልፋን መቀጠል ይቻላል፤ ኦክስጅን-ሦስት ግን ለጨረቃ አልባ ሌሊት ይቆያል።

በጠባቡ ማጣሪያ ውስጥም የኮከቦች ብርሃን ስለሚቀር፣ በሰፊው ቀይ ማጣሪያ የተነሣው ፎቶ በተስማሚ ቁጥር ተባዝቶ ከሃይድሮጂኑ ፎቶ ይቀነሳል። ቁጥሩ ትክክል የሚሆነው ተራ ኮከቦች ከፎቶው ሲጠፉ ነው። ከበዛ በኮከቦቹ ቦታ ጥቁር ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ካነሰ የኮከብ ብርሃን ጋዝ መስሎ ይቀራል። የቀረው ጋዝ በተለመደው ባለ ቀለም ፎቶ ላይ በቀይ ይጨመራል።

የአንድሮሜዳው ቅስት

በ2015 ዓ.ም. አማተር ፎቶ አንሺዎችና ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን በአንድሮሜዳ ጋላክሲ አጠገብ ከዚያ በፊት ያልታየ ትልቅ የኦክስጅን ቅስት ማግኘቱን አሳተመ። የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ያነሣው ፈረንሳዊው ያን ሴንቲ ሲሆን፣ የቴሌስኮፑ ሌንስ ስፋት 106 ሚሊሜትር ነበር፤ ጠቅላላው ፎቶ ከ100 ሰዓት በላይ ወስዷል። አንድሮሜዳ እጅግ ብዙ ጊዜ ፎቶ የተነሣ ጋላክሲ ቢሆንም በኦክስጅን-ሦስት ይህን ያህል ሰዓት የታገሠው ጥቂት ነበር። ቅስቱ በአንድሮሜዳ ዙሪያ ነው ወይስ በራሳችን ጋላክሲ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ የሚለው አከራካሪ ሲሆን፣ በኋላ የወጡ ጥናቶች ወደ ሁለተኛው ያደላሉ። አንድሮሜዳ ከአርባ ምንጭ ሲታይ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል።