ቅኝትና ቫልቭ፦ በባሕር ዳር ቤት ውስጥ ለሚሠራ አነስተኛ የጊታር አምፕሊፋየር የንድፍ መነሻዎች

በቤት ስለሚሠራ የቫልቭ አምፕሊፋየር የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚጀምረው ስንት ዋት ይሁን ከሚለው ጥያቄ ነው። ባሕር ዳር ላይ ግን ንድፉ ከሁለት ሌሎች ነገሮች መነሣት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ከሚጫወተው ቅኝትና ከግድግዳው ሶኬት። ሁለቱ በሚገባ ከታሰቡ የዋቱ ጥያቄ ራሱን ይመልሳል።

ዋቱን በአጭሩ ላንሣው። 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት 95 ዴሲቤል የሚያወጣ ተራ የጊታር ስፒከር፣ በ4 ዋት 101 ዴሲቤል ያወጣል፤ ይህ የጋራ ግቢ ውስጥ ከበቂ በላይ ነው። 50 ዋት ያለው አምፕሊፋየር ከዚህ የሚበልጠው በ11 ዴሲቤል ብቻ ነው። ኀይሉ ከ12 እጥፍ በላይ ቢያድግም ጆሮ የሚሰማው እጥፍ ገደማ ነው። ለሠርግ ድንኳን ሞንታርቦ አለ። ቫልቭ የሚወደድበት ጠባይ ወደ አቅሙ ጫፍ ሲጠጋ የሚወጣ በመሆኑ፣ ትልቁ አምፕሊፋየር ቤት ውስጥ ያን ጠባይ ሳያሳይ ይኖራል።

ኤሌክትሪክ ጊታር በኢትዮጵያ ሙዚቃ ውስጥ ከቅኝት ጋር ከተዋወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። መሐሙድ አህመድ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኤረ መላ መላ» የሰማ፣ ጊታሩ የቅኝቱን ድምፆች እየለቀመ እንደሚሄድ ያውቃል። በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ የተጫወተው ሰላም ስዩም ይህን አጨዋወት ካስፋፉት አንዱ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ በ2007 እና በ2008 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም በቆየበት ጊዜ ክራርን ለማዘመን ሠርቷል። በእነዚህ ሁሉ መካከል ብዙም ያልተነሣ ጥያቄ አለ፦ አምፕሊፋየሩ ራሱ ቅኝቱን ምን ያደርገዋል?

ማንኛውም ቫልቭ ሁለት ድምፆች አብረው ሲገቡበት በግብዓቱ ውስጥ ያልነበሩ ሌሎች ድምፆችን ይፈጥራል። ሁለተኛ ደረጃ መዛባት የሚባለው የሁለቱን ልዩነትና ድምር ይሰጣል። ሦስተኛ ደረጃው ደግሞ የዝቅተኛውን እጥፍ ወስዶ ከፍተኛውን ይቀንሳል፤ እንዲሁም በተገላቢጦሽ። ትዝታ ላይ ዶና ሶል አብረው ቢመቱ፣ 261.6 እና 392 ኸርዝ፣ ልዩነታቸው 130.4 ኸርዝ ነው፤ ይህም ከታች ያለው ዶ ነው። ሦስተኛ ደረጃውም እዚያው ዶ ላይ ያርፋል። ዶና ሚ ቢመቱ ሦስተኛ ደረጃው 193.6 እና 397.6 ኸርዝ ይሆናል፤ ሁለቱም ለሶል ቅርብ ናቸው። አምፕሊፋየሩ የጨመረው ነገር ቅኝቱን ይደግፋል ማለት ነው። በትዝታም ቢሆን ዶና ሬ አብረው ሲመቱ ሲ ፍላት የሚጠጋ እንግዳ ድምፅ ይመጣል፤ ድምፆቹ ግን በሙሉ ቶን ስለሚራራቁ ጆሮ ብዙም አይቸገርም።

አምባሰል ላይ ነገሩ ይለወጣል። ከዶ ብንነሣ የአምባሰል ድምፆች ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። ዶና ሬ ፍላት፣ 261.6 እና 277.2 ኸርዝ፣ አብረው ሲጮኹ ልዩነታቸው 15.6 ኸርዝ ነው። ይህ እንደ ድምፅ አይሰማም፤ ትንሽ የውፅዓት ትራንስፎርመርም አያሳልፈውም። ሦስተኛ ደረጃው ግን 246 እና 292.8 ኸርዝ ይወልዳል፤ ሲ እና ሬ ማለት ነው። ሁለቱም ከአምባሰል ውጭ ናቸው። ሲ፣ ዶ፣ ሬ ፍላትና ሬ በግማሽ ቶን ተደርድረው በአንድ ጊዜ ይሰማሉ፤ ቅኝቱ ይደፈርሳል። አንቺ ሆዬም ዶና ሬ ፍላት፣ ፋና ሶል ፍላት ስላሉበት ሁለት ቦታ ላይ ይህ ይገጥመዋል። በዚህ አምፕሊፋየር ክራር ሲሰካም ያው ነው፤ የክራር ተጫዋች በግራ እጁ ጣቶች የማይፈልጋቸውን ክሮች እያፈነ ነው የሚመታው፤ አንዱ ክር ሳይሞት ሌላው ስለሚነሣ ጎረቤት ድምፆች መደራረባቸው የማይቀር ነው። የባለሙያው ቃኚ ጆሮ ከፒያኖ ልኬት ትንሽ ወዲህ ወዲያ ማለቱ ስሌቱን አያፈርሰውም፤ ሦስተኛ ደረጃ መዛባት በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለውን ርቀት ወስዶ ወደ ውጭ ስለሚደግመው፣ ርቀቱ ሲጠብ እንግዶቹም ይቀርባሉ።

ከዚህ የሚወጣው የንድፍ ውሳኔ ግልጽ ነው። ሁለት የኀይል ቫልቮች ተቃራኒ ሆነው የሚሠሩበት ፑሽ ፑል ሁለተኛ ደረጃውን አጥፍቶ ሦስተኛውን ያስቀራል፤ ለአምባሰል የማይፈለገውን መርጦ እንደ ማቆየት ነው። በአንድ የኀይል ቫልቭ በክላስ ኤ የሚሠራው ግን ሁለተኛ ደረጃው የሚያይልበት ነው። ስለዚህ የኀይል ቫልቩ አንድ ኢኤል84፣ ከፊቱ የሚያጎላው ቫልቭ ደግሞ አንድ ኢሲሲ83 ይሁን። ኢኤል84 እንደ ፔንቶድ ሲሠራ በአቅሙ ጫፍ ላይ ሦስተኛ ደረጃው ያድጋል። ስክሪኑን በ100 ኦህም ሬዚስተር ከአኖዱ ጋር ማያያዝ ቫልቩን ትራዮድ ያደርገዋል፤ ኀይሉ ወደ 2 ዋት ይወርዳል፣ ሦስተኛ ደረጃውም ይቀንሳል። ይህን በአንድ ማብሪያ መቀያየር ይቻላል፤ አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ እያለ ብቻ። ለትዝታ ፔንቶድ፣ ለአምባሰልና ለአንቺ ሆዬ ትራዮድ። ከዚህ ንድፍ አንድ ነገር ብቻ እንድይዝ ቢፈቀድልኝ ይህን ማብሪያ እይዛለሁ።

ክራር ላይ የሚለጠፍ ፒየዞ ፒክ አፕ ሌላ ማሻሻያ ይፈልጋል። 1 ናኖ ፋራድ ገደማ ያለው ፒየዞ በ1 ሜጋ ኦህም ግብዓት ላይ ከ159 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ያጣል። ግብዓቱ ኢሲሲ83 እስከሚፈቅደው 2.2 ሜጋ ኦህም ቢደርስ ወሰኑ ወደ 72 ኸርዝ ይወርዳል። የመጀመሪያው ደረጃ በ100 ኪሎ ኦህም አኖድ ሬዚስተርና በ1.5 ኪሎ ኦህም ካቶድ ሬዚስተር 60 እጥፍ ገደማ ያጎላል።

ወደ ሶኬቱ እንሂድ። ጢስ ዓባይ አንደኛ የኀይል ማመንጫ ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠርቷል፤ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስም በ2010 እ.ኤ.አ. ተጨምሯል። የማመንጫው ቅርበት ግን በሶኬት ላይ የተረጋጋ 220 ቮልት ማለት አይደለም። ጎረቤት 3 ኪሎ ዋት የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ሲደበዝዝ ያላየ ማን አለ? የኢኤል84 መረጃ 250 ቮልትና 48 ሚሊ አምፔር ይላል፤ ይህ አኖዱ የሚችለውን 12 ዋት ሙሉ በሙሉ ይሞላል። መስመሩ በ10 በመቶ ቢጨምር በራሱ በሚስተካከል ካቶድ ሬዚስተር እንኳ ሙቀቱ በ21 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ቫልቩ ይቀላል። ስለዚህ ከአኖድ እስከ ካቶድ 230 ቮልት፣ 42 ሚሊ አምፔር፣ 150 ኦህም የካቶድ ሬዚስተር እመርጣለሁ። ይህ 9.7 ዋት ነው፤ መስመሩ በ10 በመቶ ቢነሣም 11.7 ላይ ይቆማል። የሚታጣው ኀይል አንድ ዋት ተኩል ያህል ነው፤ የሚተርፈው ደግሞ ባሕር ዳር ላይ በቀላሉ የማይገኝ ቫልቭ። መረጃው ተመሳሳይ የሆነው የሶቪየት 6ፒ14ፒ በኢኤል84 ቦታ ይገባል። 6ኤን2ፒ ግን የማሞቂያ እግሮቹ ከኢሲሲ83 ስለሚለዩ የሶኬቱ ሽቦ መቀየር አለበት።

ለቫልቭ የተሠራ የኀይል ትራንስፎርመር ማግኘት ከባድ ነው። ሁለት ተራ የ220 በ6 ቮልት ትራንስፎርመሮች፣ አንዱ 50 ሌላው 30 ቮልት አምፔር፣ ጀርባ ለጀርባ ሲያያዙ ችግሩ ይፈታል። የመጀመሪያው 6 ቮልቱን ለማሞቂያ ክሮቹ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ያንኑ 6 ቮልት መልሶ ከፍ ያደርገዋል፤ ከማስተካከያው በኋላ 250 ቮልት አካባቢ ይገኛል። ጠቅላላ ፍጆታው 25 ዋት ገደማ ነው። መብራት ሲጠፋ ባለ 50 አምፔር ሰዓት የ12 ቮልት ባትሪ ግማሹ ብቻ ቢሠራ እንኳ በኢንቨርተር ለአንድ ሙሉ ምሽት ይበቃል፤ ኢንቨርተሩ ጥራት ያለው ሞገድ የሚሰጥ ካልሆነ ግን ጉምጉምታው ይገባል። የውፅዓት ትራንስፎርመሩ 5.2 ኪሎ ኦህምን ወደ 8 ኦህም ለማውረድ 25.5 ለ1 ጥምጥም ይፈልጋል። የጊታር ታችኛው ሚ (82 ኸርዝ) እንዲወጣ 9 ሄንሪ ገደማ ያስፈልገዋል፤ ቀጥታ ጅረት ስለሚያልፍበትም በብረቱ መካከል የአየር ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ሞተር የሚጠመጥም ባለሙያ ይህን መሥራት ይችላል፤ ክፍተቱን ግን አስረግጦ መንገር የሠሪው ግዴታ ነው።

ስለ አደጋው ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። የጊታር ክሮች ከብረት ሳጥኑ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ሳጥኑ ከመሬት መስመር ጋር ካልተያያዘ ተጫዋቹ ራሱ መስመር ይሆናል። ሦስተኛው እግር በሌለው ሶኬት ላይ ይህ አምፕሊፋየር መሰካት የለበትም። ሳጥናቸው በቀጥታ ከመስመሩ ጋር የተያያዘ አንዳንድ አሮጌ ሬዲዮዎች አሉ፤ ከእነሱ ቫልቭ ይወሰድ፣ ሳጥናቸው ግን ለጊታር አይሁን። የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ከጠፋ በኋላም ገዳይ ኀይል ይይዛሉ። 94 ማይክሮ ፋራድ ላይ 220 ኪሎ ኦህም በቋሚነት ቢታሰር በ100 ሰከንድ ገደማ ይራገፋሉ፤ ከዚያም በኋላ በመለኪያ ሳይረጋገጥ እጅ አይገባም።

ጣና 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የዓለም አቀፍ መመዘኛ በከፍተኛ ቮልቴጅ ክፍሎች መካከል የሚጠይቀው የአየር ርቀት እስከ 2000 ሜትር ስለሚሠራ ባሕር ዳር ላይ ባለበት ይሆናል። አምፕሊፋየሩ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ደብረ ታቦር ከሄደ ግን ርቀቱ በ10 በመቶ ገደማ መስፋት አለበት። በክረምት የሐይቁ ዳር እርጥበት ደግሞ ቦርዱ ላይ የኤሌክትሪክ መንጠባጠብ ያስከትላል፤ ከተበየደ በኋላ በአልኮል ታጥቦ ቫርኒሽ ይቀባ።

በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ግቢ ዛሬ ለሚማሩ ተማሪዎች ይህ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ፈተናው በቤት ሊሠራ ይችላል። ከስልክ ወይም ከላፕቶፕ 261.6 እና 277.2 ኸርዝ እኩል ጉልበት ኖሯቸው በግብዓቱ ይገባሉ፤ ውፅዓቱ በ8 ኦህም ሬዚስተር ላይ ተለክቶ በላፕቶፕ ይታያል። 246 ኸርዝ ላይ የሚታየው መስመር በ1 ዋት ውፅዓት ከሁለቱ ድምፆች ቢያንስ 40 ዴሲቤል ዝቅ ማለት አለበት። በትራዮድ አቀማመጥ ይህን ካላሟላ መጀመሪያ የካቶድ ሬዚስተሩ ይመርመር፣ ቀጥሎ የውፅዓት ትራንስፎርመሩ ክፍተት።