የባላራት ወርቅ ቆፋሪዎች አመፅና የአውስትራሊያ ዴሞክራሲ

በአውስትራሊያ ታሪክ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ የፈጀ፣ ነገር ግን እስካሁን የሚያከራክር አንድ ውጊያ አለ። ይህ ውጊያ ለአገሪቱ ዴሞክራሲና ለሕዝቧ ማንነት ምን እንዳተረፈ በዚህ አጭር ጽሑፍ እንመረምራለን። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ ቅኝ አገር በነበረችው በቪክቶሪያ በ1851 ወርቅ ስለ ተገኘ፣ ከአየርላንድ፣ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካና ከቻይና ብዙ ሰው ጎረፈባት። መንግሥት ወርቅ ያገኘውን ካላገኘው ሳይለይ ከእያንዳንዱ ቆፋሪ የፈቃድ ገንዘብ ይቀበል ነበር፤ ዋጋውም በመጀመሪያ በወር 30 ሺልንግ ነበር። በ1854 ገዢው ሰር ቻርልስ ሆታም ፍተሻው በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲሆን አዘዘ። የፈቃዱን ወረቀት ያልያዘ ይቀጣል፤ ከፍሎ የያዘውም ቢሆን እንደራሴውን የመምረጥ መብት አልነበረውም።

ስለዚህ ቆፋሪዎቹ በኖቬምበር 1854 ማኅበር አቋቁመው ፈቃዱ እንዲቀርና ለወንዶች ሁሉ የምርጫ መብት እንዲሰጥ ጠየቁ። መልስ ባጡ ጊዜ ወረቀታቸውን አቃጠሉ፤ የደቡብ መስቀል ከዋክብት ያሉበትን ሰማያዊ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው በአየርላንዳዊው በፒተር ሌለር መሪነት ማሉ። ዲሴምበር 3 ቀን፣ እሑድ ንጋት ላይ፣ ወታደሮች ዩሬካ የተባለውን የእንጨት ምሽጋቸውን ሰበሩት። ከ20 የሚበልጡ ቆፋሪዎች ሞቱ፤ ሌለርም ግራ ክንዱን አጣ።

በጦር የተሸነፉት በሸንጎ ረቱ። በ1855 በአገር ክሕደት የተከሰሱትን 13 ሰዎች የሜልቦርን ዳኝነት ሁሉንም ነጻ ለቀቃቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። የወሩ ፈቃድ ተሽሮ በዓመት 1 ፓውንድ የሚከፈልበት «የቆፋሪ መብት» የተባለ ወረቀት ተተካ፤ ይህን የያዘ ሰው መምረጥ ቻለ። ሌለርም በዚያው ዓመት የምክር ቤት አባል ሆነ። በ1857 ቪክቶሪያ ለታችኛው ምክር ቤት ምርጫ ለወንዶች ሁሉ ፈቀደች።

ይሁን እንጂ ዴሞክራሲን የወለደው ይህ አመፅ ብቻ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ደቡብ አውስትራሊያ ያለ ደም መፍሰስ በ1856 ይህንኑ መብት ሰጥታለችና። የአመፁ ልዩ ፍሬ ሌላ ይመስለናል፤ የመገዛት ምልክት የነበረው ወረቀት የዜግነት ምልክት ሆነ።

ግን «ሕዝብ» የተባለው ማን ነበር? ያው የ1855 መንግሥት በሚገባው በእያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ 10 ፓውንድ ቀረጥ ጣለ፤ ከቆፋሪዎቹም ብዙዎች ቻይናውያንን ይጠሉ ነበር። ወርቁ የወጣበት ምድር የዋታውሮንግ ሰዎች ርስት መሆኑን ያነሣ አልነበረም። ሴቶችም በቪክቶሪያ ምርጫ እስከ 1908 ድረስ ጠብቀዋል። ከዚያ ወዲህ የሠራተኛ ማኅበራትም፣ የውጭ ሰው ይውጣ የሚሉም ያንኑ ሰንደቅ ዓላማ አንሥተዋል። ስለዚህ ዩሬካን የአንድ ሕዝብ መታወቂያ ብለን ስንጠራው፣ ከምሽጉ ውጭ የቀሩትንም አብረን መቍጠር ይገባናል እንላለን።