ለገሃር፦ ባቡሩ ሄዶ ስሙ ቀረ

«ለገሃር! ለገሃር! አንድ ሰው!»

ይሄን የታክሲ ረዳት ጩኸት ስንቴ ሰምቼው ይሆን? ረዳቱ ፈረንሳይኛ እየተናገረ መሆኑን ግን እኔም ካደግኩ በኋላ ነው ያወቅኩት። «ላ ጋር» ማለት ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። አዲስ አበቤ ለአፉ እንዲመቸው አድርጎ ለገሃር አለው። ከለገዳዲና ከለገጣፎ ጋር ሲጠራማ የቆየ የወንዝ ስም ነው የሚመስለው።

ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ሥራ የፈቀዱለት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ገንዘብ አጠረ፣ የአውሮፓ መንግሥታትም ተሻኮቱበት፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ። 784 ኪሎ ሜትሩ ተገባዶ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ሲሆን፣ ምኒልክ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር። ያን ያህል የጓጉለትን ፉጨት በገዛ ከተማቸው ሳይሰሙት ቀሩ።

አሁን የምናየው ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን ከሚበቅሉት ፎቆች አጠገብ የጎረቤት ቤት ይመስላል። እኔን የሚገርመኝ ግን በበሩ ያለፈው ነገር ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ መስመር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ሸሹ የሚል አለ፣ ጄኔቭ ሄደው ለአገራቸው ሊሟገቱ ነው የሚልም አለ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። በሦስተኛው ቀን ጣሊያን ከተማዋን ያዘ። ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ በንጉሡ ንግሥ ሰሞን የተተከለውን የይሁዳ አንበሳ ነቅለው ሮም ወሰዱት። የት እንዳቆሙት ታውቃላችሁ? ተርሚኒ አካባቢ፣ እዚያም ባቡር ጣቢያ አጠገብ! ወደ ቦታው የተመለሰው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ዛሬ ጅቡቲ በባቡር የሚሄድ ሰው በ2009 ወደተመረቀው ወደ ለቡ መውጣት አለበት። ለገሃር ላይ የቀረው የከተማው ቀላል ባቡር ነው፤ እሱም የራሱ ፌርማታ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ይነጉዳል።

አያቴ «ለገሃር» ብላ አታውቅም፤ «ምድር ባቡር» ነው የምትለው። ታላቅ ወንድሟ ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ሲሄድ የሸኘችው እዚያ ነው። አልተመለሰም። በታክሲ ባለፍን ቁጥር ወሬዋን አቋርጣ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

ባለፈው ሜክሲኮ ለመሄድ አብረን ተሳፍረን ነበር። ረዳቱ «ለገሃር ወራጅ አለ?» ሲል እኔ ዝም አልኩ።

«አለ» አለች አያቴ።

ወረድን። አጥሩን ይዛ ወደ ውስጥ ስታይ ቆየች፤ እኔም አላጣደፍኳትም።