ከቴምዝ ግንብ ጀርባ፦ የለንደን የአገልግሎት መስመሮች ቅንጅት (1862–1870 እ.ኤ.አ.)

በለንደን ከዌስትሚንስተር ድልድይ እስከ ብላክፍራይርስ ድልድይ በቴምዝ ሰሜናዊ ዳርቻ የተዘረጋው ቪክቶሪያ ኤምባንክመንት፣ ማለትም በግራናይት ግንብ የታጠረው የወንዝ ዳር ጎዳና፣ ዘወትር የሚወሳው በውበቱ ቢሆንም፣ በምሕንድስና ታሪክ የላቀውን ስፍራ የያዘው ከአስፋልቱ በታች ባለው ሥራ ነው። የፍሳሽ ቦይ፣ የጋዝና የውኃ ቱቦዎች እንዲሁም የከተማ ባቡር በአንድ የግንባታ ንድፍ ውስጥ ስፍራ ስፍራቸው የተደለደለላቸው በዚህ ዳርቻ ነበር።

ለንደን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ፍሳሿን ወደ ቴምዝ ትለቅ የነበረ ሲሆን፣ የባሕሩ ሙላት በቀን ሁለት ጊዜ ወንዙን ወደ ኋላ ስለሚገፋው የተጣለው ቆሻሻ ተመልሶ ወደ ከተማዋ ይመጣ ነበር። ኮሌራ በ1849 እና በ1854 በሺሕ የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1858 በጋ የወንዙ ግማት በዳርቻው የሚሰበሰበውን ፓርላማ ሳይቀር በማስጨነቁ፣ በ1855 በወጣ ሕግ የተመሠረተው የሜትሮፖሊታን የሥራዎች ቦርድ አስፈላጊው ገንዘብና ሥልጣን ተሰጠው። የቦርዱ ዋና መሐንዲስ ጆሴፍ ባዛልጄት ነባሮቹን ቦዮች ወንዙ ዘንድ ሳይደርሱ የሚያቋርጡና ፍሳሻቸውን ወደ ምሥራቅ የሚወስዱ መጥለፊያ ቦዮችን ነደፈ፤ ከእነዚህም ዝቅተኛው ወንዙን ተከትሎ መሄድ ስለነበረበት፣ ምርጫው ስትራንድንና ፍሊት ስትሪትን የመሳሰሉ እጅግ የተጨናነቁ ጎዳናዎችን መቆፈር ወይም ከወንዙ ላይ አዲስ መሬት መውሰድ ሆነ። በ1862 የወጣው ሕግ ሁለተኛውን መንገድ ፈቀደ፤ በ1864 በተጀመረው ሥራም ጊዜያዊ የውኃ መከላከያዎች እየተተከሉ፣ ከጀርባቸው ያለው ውኃ እየተመጠጠና ስፍራው እየተሞላ፣ 15 ሄክታር ያህል መሬት ተገኘ።

የዚህን አዲስ መሬት ታላቅነት የሚያሳየው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ውስጡን የሚያሳየው ንድፉ ነው። ከወንዙ ግንብ ጀርባ፣ ከታች ወደ 2.4 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው የፍሳሽ ቦይ፣ ከእሱም በላይ የጋዝና የውኃ ቱቦዎች የሚያልፉበት፣ ሠራተኛ ቆሞ ሊሄድበት የሚችል የአገልግሎት ዋሻ ተሠራ፤ ወደ ከተማው ጠጋ ብሎ ደግሞ የሜትሮፖሊታን ዲስትሪክት ባቡር መስመር ጣሪያው ለጎዳናው ቅርብ ሆኖ ተዘረጋ። በዘመኑ ጋዝና ውኃ የሚያቀርቡት የተለያዩ የግል ኩባንያዎች ስለነበሩና እያንዳንዱም ለራሱ ቱቦ ሲል ጎዳና ይቆፍር ስለነበር፣ ጠጋኙ ሁሉ መንገድ ሳያፈርስ ገብቶ የሚሠራበትን ዋሻ ማዘጋጀት ለነዋሪው ትልቅ ፋይዳ ነበረው፤ ይህን ማድረግ የቻለውም መሬቱን፣ ቦዩንና ጎዳናውን በአንድ እጅ የያዘው ቦርድ ነበር።

ይሁን እንጂ የቦርዱ ሥልጣን ባልደረሰበት ሁሉ ቅንጅቱ ተሰናክሏል። የባቡር ኩባንያው የግል ባለአክሲዮኖች ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው በመሆኑና በ1866 በለንደን የተከሰተው የባንክ ቀውስ ገንዘብ ማግኘትን አዳጋች ስላደረገው፣ ሐዲዱ ዘገየ፤ ሐዲዱ ሳይሠራ ደግሞ ጎዳናውን ማጠናቀቅ የተጠናቀቀውን መልሶ መቆፈር ስለሚሆን፣ ቦርዱ በ1868 ለእግረኞች ብቻ ከፊሉን ከፍቶ ለመጠበቅ ተገደደ። በወንዙ ሥር በአየር ግፊት ይነዳል ተብሎ የታቀደውና በ1867 በተዘጋጀ የዳርቻው ንድፍ ላይ የሚታየው ሌላ ባቡርም በገንዘብ እጦት ቀርቷል። ንድፍ ለእያንዳንዱ መስመር ቦታ ሊደለድል ቢችልም፣ የባለቤቶቹን የጊዜ ሰሌዳና ካዝና ሊያስተካክል እንደማይችል ከዚህ በላይ ግልጽ የሚያደርግ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ባቡሩ ሜይ 30 ቀን 1870 ብላክፍራይርስ የደረሰ ሲሆን፣ ጎዳናው የተመረቀው በዚያው ዓመት ጁላይ 13 ቀን ነው።

መብራቱም የራሱ ታሪክ አለው፤ በጋዝ የተጀመረው ብርሃን በ1878 በፈልሳፊው በያብሎችኮቭ የኤሌክትሪክ መብራት ቢተካም፣ ወጪው ስለከበደ በ1884 ወደ ጋዝ ተመልሷል። የ1860ዎቹ ቦይ ግን ዛሬም ፍሳሽ ያስተላልፋል፤ በ2025 በተጠናቀቀው የቴምዝ ታይድዌይ የፍሳሽ ዋሻ ግንባታም በዚሁ ዳርቻ ከአዲሱ ጥልቅ ዋሻ ጋር ተገናኝቶ፣ በዝናብ ጊዜ ወደ ወንዙ ይፈስ የነበረው ትርፍ ወደ ዋሻው እንዲወርድ ተደርጓል።