ሰባት ቤት የሠራ ሰው

ስሙኝማ፣ የአባቴን ነገር ላውጋችሁ።

ቦንጋ ዝናብ የማይሰለቻት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ፣ ጅማን አልፋችሁ፣ ጎጀብን ተሻግራችሁ፣ ጥምዝምዙን ዳገት ወጥታችሁ ነው የምትደርሱባት፤ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዙሪያዋ ጫካ ነው፤ ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ማሩ የሚወጣበት ጫካ። አስቀድሜ ዝናቡን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተው ከዝናብ ጋር ነው።

አባባ ቤት ሠሪ ነበር። ዛሬ «ሪል ስቴት» የሚሉት ያን ጊዜ ስም አልነበረውም። ቤት ሠርቶ ማከራየት፣ በኪራዩ ሌላ ቤት ማቆም፣ በቃ። መነሻው ቡና ነው። የለቀመውንም የገዛውንም በበቅሎ ጭኖ ጅማ ድረስ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ያጠራቀማትን ይዞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያውን ቤት አቆመ። እስከ 1966 ሰባት አደረሳቸው። በአንዱ እኛ እንኖራለን። በስድስቱ አስተማሪ፣ ድሬሰር፣ ጠላ ሻጭ፣ የመጣ ሁሉ ይከራያል።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ሰውየው ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። «እንጨት የሚሞተው ከእግሩ ነው» ይል ነበር። ምሰሶ ከመትከሉ በፊት መሬት የሚገባውን ጫፍ እሳት ላይ ያከስለዋል። ላዩ ጥቁር እስኪል ብቻ ነው፤ ልቡ መንደድ የለበትም። የከሰለ እንጨት ምስጥ አይደፍረውም ባይ ነበር። ማገላበጡ የእኔ ሥራ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ዓይኔ በጭስ እያነባ፣ «በቃ?» እላለሁ፤ «ገና፣ አንድ ጊዜ አዙረው» ይለኛል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ቀናት ከርሞ፣ ሲቦካ ነው የሚመረገው። ክዳኑን ደግሞ ከግድግዳው አንድ ክንድ ሙሉ ያስወጣዋል። ጎረቤት «ቆርቆሮ አባከንክ» ሲለው «ግድግዳም ጃንጥላ ይፈልጋል» ብሎ ያልፋል።

የጓዳው ነገር የእናቴ ነው። እሷ በኪራይ ቤት በአንድ ክፍል ውስጥ እያበሰለች፣ ልጆች በጭስ እየሳሉ ኖራለች። ስለዚህ «ማብሰያ የሌለው ቤት አታከራይ» አለችው። ከሁለተኛው ቤት ጀምሮ ከእያንዳንዱ ጀርባ ትንሽ ማድ ቤት አለ። አባባ የሚሠራውን ቤት ሁሉ እናቴ ገብታ ሳታየው በር አይገጥምለትም ነበር።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም፤ የቤት መሥሪያ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም ተባለ። ኪራይ ተቀነሰ፤ የአነስተኛው ቤት እስከ ግማሽ ድረስ። የአባባ ስድስት ቤቶች በአንድ ቀን «ትርፍ ቤት» ሆኑ።

እውነቱን እናገራለሁ። በአዲስ አበባ ጥቂት ሰዎች ሰፈር ሙሉ መሬት ይዘው፣ ድሃው በጎጆ ኪራይ ይማስን ነበር። አዋጁ ብዙ ተከራይ እፎይ አሰኝቷል፤ ይህን አልክድም። ግን ሰፈር የያዘውንና በእግሩ ጭቃ ረግጦ ሰባት ቤት ያቆመውን በአንድ ሚዛን መመዘኑ እስከ ዛሬ ያመኛል።

አባባ ቤቶቹን ሊያስመዘግብ ሲሄድ ተከትዬው ሄጄ ነበር። ክፍሉን፣ በሩን፣ መስኮቱን አንድ በአንድ ተናገረ። መዝጋቢው ጻፈ። በመጨረሻ «የሦስተኛው ቤት ጣራ በጓሮ በኩል ያፈሳል፤ ክረምቱ ሳይገፋ ይታይ» አለ። መዝጋቢው ይህን አልጻፈም።

ነሐሴ ላይ፣ ሌሊት፣ የሦስተኛው ቤት ተከራይ ነጠላዋን ተከናንባ በራችንን አንኳኳች። «ጋሼ፣ ልጆቹ ላይ ወረደባቸው።» አባባ ተነስቶ ፋኖሱን ለኮሰ። እናቴ ቀስ ብላ «ቤቱ እኮ ያንተ አይደለም» አለችው።

«ልጆቹ ግን እዚያው ናቸው» አለና መሰላሉን አነሳ።

እኔ ፋኖሱን ያዝኩ። ሚስማሩ የበሳውን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፈው፤ ዝናቡ ሲያባራ በነጋታው ሬንጅ አቅልጦ ደፈነው። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ የሬንጅ ጣሳውን አንጠልጥሎ ስድስቱንም ይዞራል። ኪራዩ የሚከፈለው ለቀበሌ ነው። አባባ የሚቀበለው አንድ ስኒ ቡና ነው፤ እሱንም ተቀምጦ፣ ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ እየጠየቀ። እኛን ስድስት ልጆቹን ያስተማረን ለሰው ቤት በቀን ምንዳ እየሠራ ነው። መንግሥት ቢለወጥም መሬቱ የመንግሥት እንደሆነ ቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ይህንኑ አጸና። አባባ ሬንጁን ማቅለጥ ያቆመው ጉልበቱ መሰላል እምቢ ሲለው ነው። ሲያርፍ አልጋው ያለበት ሰባተኛው ቤት ጣሪያ አንድም ቦታ አያፈስም ነበር።

ቦንጋ ዛሬ ሌላ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የቡና ሙዚየም አላት። ከ2014 ወዲህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አንዷ መቀመጫ ሆና መስታወት የለበሰ ፎቅ እየበቀለባት ነው። ሦስተኛው ቤት ሲፈርስ ሰምቼ ሄድኩ። ግድግዳው ወርዶ ምሰሶው ብቻ ቆሟል። አንድ ጎረምሳ የቀን ሠራተኛ እየነቀነቀ ነቀለውና ከፊቴ ጣለው። ጎንበስ ብዬ እግሩን በጣቴ ጠረግሁት። ጥቁር ነው። አፈሩ ሲራገፍ ከሰሉ እጄን አጠቆረው፤ ፋቅ ሳደርገው ውስጡ ደረቅ፣ ጠንካራ እንጨት። ምስጥ አልገባበትም።

«ልውሰደው?» አልኩት።

«ማገዶ ነው እኮ አባባ፣ ይውሰዱት» አለኝ።

ባጃጅ ጠራሁ። ምሰሶው ረዝሞ የከሰለው ጫፉ በበሩ በኩል ወደ ውጭ ወጣ። እሱን በእጄ ደግፌ፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤት ሄድን።