በደብተር ላይ የቀሩ መስጊዶች

ስለ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ መስጊዶች ስናገር ከሁሉ በፊት የሚገጥመኝ የማስረጃ ጉዳይ ነው። ሙስሊሞች ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው የሃይማኖት እኩልነትን ጠየቁ። በዓላቶቻቸው ብሔራዊ ሆኑ፤ መጅሊሱ ግን በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በ2012 ዓ.ም. ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ቀኑን የተሳሳትኩ ይመስላቸዋል።

በመካከሉ አዲስ አበባ ወደ ዳር ሰፋች። የፋብሪካ ሥራና ረከስ ያለ የቤት ኪራይ ሕዝቡን ወደነዚህ ከተሞች ሳበው፤ ጀመዓውም አደገ። ቆርቆሮ ጥላ ሥር የተጀመረ ሶላት በመዋጮ ግድግዳ ያገኛል፤ የይዞታ ካርታ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። «ሕገወጥ ግንባታ» በተባለው ፈረሳ 19 መስጊዶች መፍረሳቸው በወቅቱ ተገለጸ። ግንቦት 18 ቀን በታላቁ አንዋር መስጊድ በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ።

እንግዲህ ለእኛ ለታሪክ ሰዎች አስቸጋሪው ይህ ነው፦ ስለ አንድ የመንደር መስጊድ በመንግሥት መዝገብ የምናገኘው ጽሑፍ የማፍረሻ ማስታወቂያው ብቻ ሊሆን ይችላል። ግንበኛውን፣ ሲሚንቶ የገዛውን፣ ቦታውን የሸጠውን ገበሬ የሚነግረን የመዋጮ ደብተርና የመንደር ውል ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ እነዚያን ደብተሮች ጠይቋቸው።